ከግድግዳው ወዲያ የሚጨቃጨቁት

የማስታውሰው ነገር ሁሉ በማስታውሰው መልክ ስለመፈጸሙ ማረጋገጫ የለኝም። ዓመቱን እንኳ ለይቼ አላውቀውም፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዘጠናዎቹ መገባደጃ አንዱ ነው፣ ዕድሜዬም ዘጠኝ ወይም ዐሥር። ሰዓዳ አረንጓዴ ሻሽ ታስር ነበር ብዬ ብጽፍ፣ አረንጓዴው የአክስቴ የመስኮት መጋረጃ ሆኖ በኋላ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ወደ ሰዓዳ ራስ የተዛወረ ሊሆን ይችላል። ንግግሮቹንም ቃል በቃል ይዣለሁ አልልም፤ የያዝኩት የተናጋሪዎቹን ቃና ነው፤ ቃሉን ከቃናው ተነሥቼ መልሼ ሠርቼዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። ባለፈው ዓመት ሥራውን ሲጨርስ አንገቴ ላይ ርካሽ የሎሚ ኮሎኝ ረጨብኝ። በዚያች ቅጽበት በዓይኔ የመጣው ምላጭም መስተዋትም ሳይሆን ክዳኑ የተከፈተ ቴፕ ነበር፤ የካርቱሙ ሳጃና ሰፈር፣ የአክስቴ ቤት፣ ጁምዓ ጧት፣ እኔም በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ።

እናቴ ለሥራ ፖርት ሱዳን በሄደችበት በዚያ ዓመት የተቀመጥኩት ከታላቅ እኅቷ ከፋንታዬ ዘንድ ነው። አክስቴ ደሴ ተወልዳ ካርቱም ያረጀች ሴት ነበረች፤ በሰፈሩ ያለ ሐበሻ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እትዬ ፋንታዬ ይላታል። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ዚር የሚሉት አንድ የውኃ ጋን፣ ሦስት የገመድ አልጋና ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው ትልቅ ቴፕ ነበራት። ቴፑ ለዘፈን አልነበረም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የወሎ ሴቶች ጁምዓ ዕረፍት ሲያገኙ እየመጡ ላገራቸው የሚልኩትን ቃል ይቀርጹበት ነበር። ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም፤ የሚችሉትም ቢሆኑ ከደብዳቤ ድምፅ ይመርጡ ነበር። ካሴቱን፣ በካርቱም አፍ ሸሪጡን፣ በጨርቅ ጠቅልለው አገር ቤት ለሚገባ ሰው ይሰጡታል።

አክስቴ ለዚህ ሥራ ሕግ ነበራት። በሸሪጡ የመጀመሪያ ገጽ ሰላምታ ብቻ ነው፤ እናት፣ አባት፣ እኅት ወንድም፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ልጅ፣ አንድም ሳይቀር በስሙ ይጠራል። ጉዳይ የሚጀመረው ገጹ ሲገለበጥ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ማልቀስ ክልክል ነበር። «ሰላምታ ሳይደርሳቸው ለቅሶ ከሰሙ የሞት መልእክት ይመስላቸዋል» ትላለች። አንዷ ሳግ ሲይዛት አክስቴ ጣቷን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ሴትዮዋም ሳጉን ውጣ የአጎቷን ልጆች መቁጠር ትቀጥላለች። ሌላው ሕግ ደግሞ የተቀረጸውን መልሶ አለመስማት ነበር። «የተላከ ቃል አይቀመስም» ትል ነበር፤ አንዴ ድምፅዋን የሰማች ሴት አፍራ እንደ አዲስ ካልቀረጽኩ ስለምትል፣ ሕጉ ሳይጠቅማት አልቀረም።

የእኔ ሥራ የቴፑን ውስጥ በኮሎኝ መጥረግ ነበር። አቧራ በሆነችው ከተማ ይህ ቀላል ኃላፊነት አልነበረም። የሚያብለጨልጨው ነገር ሁሉ መጥራት እንዳለበት አምን ስለነበር ጥጡን ገፋ አድርጌ፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ቁርጥራጭ ብረቶች እስከ ሥራቸው እፈትግ ነበር።

ከጁምዓ በስተቀር በሌላው ቀን ቴፑ የዳዊት ነው። ዳዊት የአክስቴ ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ካርቱም ተወልዶ ያደገ ነው። አማርኛው ከእናቱ ጋር ለመጣላት የሚበቃውን ያህል ነበር፤ የቀረውን በዐረብኛ ይሞላዋል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የራፕ ቡድን አቋቁሟል፤ አንደኛው ልጅ ከደቡብ፣ ሌላው ከኡምዱርማን ነው። ከበሯቸው ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ነበር። ሞዴላቸው ሩቅ ነው፤ ዳዊት «የሁሉም አባቶች» የሚላቸው ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ባርኔጣ የደፉ፣ ክር የሌለው ነጭ ጫማ ያደረጉ። ሥዕላቸውን ከመጽሔት ቀዶ ከአልጋው በላይ ለጥፎታል። እሱም የጫማውን ክር አውጥቶ ጣለው።

አክስቴ ክሩን ለቅማ መልሳ አስገባችው።

«እማ፣ ተዪው። እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«የጫማ ክር የሚወልቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው» አለች። «ከሻ ሲይዙን እኔም አውልቄ አውቃለሁ። ሳትታሰር ምን አስወለቀህ?»

ከሻ የምትለው መታወቂያ የሌለውን ሰው ከመንገድ የሚያፍሰውን የፖሊስ አፈሳ ነው። ስለዚህ የሥዕሉን ሦስት ሰዎች እኔ ለብዙ ጊዜ ሳያቸው የኖርኩት ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ቤት ረስተው እንደተያዙ ሰዎች ነው። የፊታቸው ኮስታራነትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከዳዊት ሸሪጦች አንዱ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። በላዩ ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ዳዊት ስለወደደው ሁለቱም ገጽ እስኪሞላ ደጋግሞ ገልብጦበታል። እኔ ግን ያ ሸሪጥ የተበላሸ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። በሌሎቹ ሸሪጦች ሰዎቹ በከበሮ ላይ ይናገራሉ፤ በቃ። በዚህኛው ግን ገና ሲጀምሩ አንድ ጊታር ብረት እንደሚቆርጥ መጋዝ ይገባባቸዋል፤ እነሱ ሲናገሩ ሌላ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ከላይ ይጮኻል። ተናጋሪዎቹ ዝም አይሉም፣ ጯኺውም አይሸነፍም። ሁለት የማይተዋወቁ ዘፈኖች በስሕተት አንድ ሸሪጥ ላይ ተደራርበዋል፤ ዳዊትም የተበላሸ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚወደው። ይህን ልነግረው አስቤ አዘንኩለትና ተውኩት።

ሰዓዳ የመጣችው በአንድ ጁምዓ፣ ሌሎቹ ሴቶች ቀርጸው ከሄዱ በኋላ ነው። ካፉሪ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ትልቅ ግቢ ተቀጥራ ትሠራለች፤ በወር አንድ ጁምዓ ብቻ ትፈቀዳለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ብዙ ትስቅ ነበር፤ ሳቋ መጀመሪያ በአፍንጫዋ እንደ ማስነጠስ ወጥቶ ኋላ ነው ወደ አፏ የሚደርሰው። የዚያን ቀን ግን ከበሩ ሳታልፍ መናገር ጀመረች።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ሞተሻል አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ያገሬ ሰው። ትናንት እመቤቴ ገበያ ልካኝ አገኘሁት። ሲያየኝ ዘንቢሉን ጣለ። ‹እኛ እናትሽ ዘንድ ለቅሶ ደርሰን ነው የመጣነው› አለኝ። ሌላ ሰዓዳ ናት እኮ መንገድ ላይ የሞተችው፤ ስሟም ያባቷም ስም ከኔ ጋራ አንድ ነው።»

«በይ ተቀመጪ። ደብዳቤ ይጻፍልሽ፤ ይሄ ልጅ ይጽፍልሻል።»

«ወረቀትማ ማንም ይጽፈዋል ትላለች እናቴ። ድምፄን ካልሰማች አታምንም። ያርባ ቀኔ ሰደቃ ሊወጣ ነው፤ ላሜን ሊያርዷት ነው፣ እትዬ።»

«ላም አለሽ እንዴ?»

«ከመምጣቴ በፊት ያሳደግኋት። የኔ ናት።»

«እንግዲያ በገዛ ላምሽ ልትቀበሪ ነው» አለች አክስቴ፤ ሰዓዳም በአፍንጫዋ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን ሸፈነች።

ሰውየው በማግስቱ ጧት በገዳሪፍ በኩል ሊመለስ ነው። ከእሱ በኋላ እስከ አርባው ቀን የሚሄድ ሰው አልተገኘም። ባዶ ሸሪጥ አልቋል፤ ሰዓቱ የጁምዓ ሶላት ስለሆነ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሰዓዳም እስኪከፈት መቆየት አልተፈቀደላትም። ዳዊት ኳስ ሄዷል። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ከዳዊት ሸሪጦች የማይረባውን አንዱን አምጣ። ጠፋብኝ ካለ እኔ አለሁ።»

የማይረባው የትኛው እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። ዳዊትን ከተበላሸ ነገር እየገላገልኩት እንደሆነም ተሰምቶኛል። ሸሪጥ ላይ የተቀረጸው እንዳይደመሰስ ሲፈለግ ከሸሪጡ ጀርባ ያለችው ትንሽ ክዳን ትሰበርና ቀዳዳ ይቀራል፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ደግሞ እንደገና ይቀረጽበታል። ከሒሳብ ደብተሬ ቀድጄ፣ አኝኬ፣ ደፈንኩት።

ሰዓዳ ከቴፑ ፊት ተንበረከከች። ሰላምታዋን ከእናቷ ጀምራ እስከ ውኃ ቀጂዎቹ ድረስ ዘረዘረች፤ «አልሞትኩም» የሚለውን እንኳ በሕጉ መሠረት ለሁለተኛው ገጽ አቆየችው። መሐል ላይ የአንድ ጎረቤት ስም ጠፋባትና አክስቴ «ለእሱስ በሞተችው ሰዓዳ በኩል ላኪለት» ብላ ስታንሾካሹክ፣ ያ የአፍንጫ ሳቅ አመለጣት። ሸሪጡ አልተቀመሰም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሄደ።

ነገሩ የታወቀው በሳምንቱ ነው። አንዲት ሴት ለመቆጠብ ብላ ከአገር ቤት በመጣላት አሮጌ ሸሪጥ ላይ ቀረጸች፤ ከሕጉ ውጭ ሆና ቤቷ ስትሰማው የራሷ ድምፅና የወንድሟ ድምፅ አንድ ላይ ያወራሉ። በድንጋጤ ይዛው መጣች። አክስቴ ቴፑን ተሸክማ፣ እኔን አስከትላ፣ ዴም ሰፈር ወዳለው ቴፕ ጠጋኝ ወደ ኡስታ ሐሰን ሄደች። ኡስታ ሐሰን ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበር፤ መነጽሩን በላስቲክ አስሮታል። ክዳኑን ከፍቶ በእርሳስ ጫፍ አሳየን።

«ይቺ አዲሱን ትጽፋለች። ይቺኛዋ ደግሞ ከፊት ከፊት እየሄደች አሮጌውን ታጠፋለች። አጥፊዋ ከቦታዋ ተገፍታለች፤ ሸሪጡን አትነካውም። ስለዚህ አሮጌው እየደከመም ቢሆን ከሥር ይቀራል።» ቀና ብሎ አክስቴን አያት። «ማነው የሚጠርግልሽ?»

አክስቴ እኔን አየችኝ።

«ጽዳት የሚወድ ልጅ ነው» አለ ኡስታ ሐሰን፣ እንደ ምስጋናም እንደ ሌላም አድርጎ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም አንድ ነገር እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። ሰዓዳ ሕያው መሆኗን የምትነግርበት ድምፅ ከተቆጡ ወንዶችና ከብረት መጋዝ ጋር ተደርቦ ሄዷል፤ እናቷ ልትለየው መቻሏን የሚያውቅ የለም።

ዳዊት ሸሪጡን ሲፈልግ ሰንብቶ ነበርና ለእሱ የተናዘዝኩት እኔው ነኝ።

«ያ አኺ፣ ዐሥራ ሁለት ሸሪጥ አለኝ። ዐሥራ ሁለት! አንተ ያንን?»

«የተበላሸ ነው ብዬ ነው።»

«ምኑ ነው የተበላሸ?»

«ሁለት ዘፈን ተደራርቦበታል። ይጣላሉ።»

ዳዊት አልጋው ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ በትዕግሥት፣ ለእሱ በማይመች አማርኛ፣ ያስረዳኝ ጀመር። «አይጣሉም። እነዚህ ራፕ ናቸው። ያ የሚጮኸው ሮክ ነው፤ ኸዋጃ ነው፣ ፈረንጅ፣ ሌላ ባንድ። አንድ ላይ ሠሩት። ሆን ብለው! ራፕን ከሮክ ጋራ ያጋቡት እነሱ ናቸው፤ ከነሱ በፊት ማንም የለም።»

አላመንኩትም። ዳዊት ነጩን ዓባይ በዋና ተሻግሬያለሁ ያለ ሰው ነው። ደግሞም ከኡስታ ሐሰን በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆኖልኛል፤ አሜሪካም ውስጥ አጥፊዋን ብረት በጥጥ የገፋ አንድ ልጅ አለ። ለጊታሩ ሰውዬ አዘንኩለት። እሱም እንደ ሰዓዳ የሚልከው ነገር ሳይኖረው አልቀረም።

አክስቴ ለሰዓዳ እንዳይነገር ወሰነች፤ «ምላሽ እስኪመጣ አታስጨንቋት» አለች። እኔ ግን በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ እስከ አርባው ቀን የቀረውን በሠረዝ እቆጥር ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሞት ሁለት ክፍል አለው፣ ወሬውና ሰደቃው። ወሬው በስሕተት ሊነገር ይችላል፤ ላሚቱ ከታረደች ግን ነገሩ ተፈጽሟልና ሰዓዳ ካፉሪ ባለችበት ትሞታለች። በሚቀጥለው ወር በተፈቀደላት ጁምዓ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ሠረዞቼ አርባ ሞልተው አልፈዋል። ሐቡቡ ከተማውን ቀይ ባደረገበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራው በበሩ ሥር እየገባ ሳለ፣ ሁሉም ያለቀ መሰለኝና ከዚሩ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። አክስቴ ያገኘችኝ እዚያ ነው። ቁና አቧራ ዓይኔ ገባ አልኳት፤ እሷም ዓይኔን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ።

ከዚያ አንድ ጁምዓ ሰዓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። እመቤቷ ስለወለደች አልተለቀቀችም ነበር። ወደ እጇ ከማየቴ በፊት እግሯን እንዳየሁ ትዝ ይለኛል፤ መሬት ይነካ እንደሆነ።

አራታችን ተቀመጥን፤ አክስቴ፣ ሰዓዳ፣ ዳዊትና እኔ። ዳዊት ቁልፉን ተጫነ። የአንድ ገጠር ቤት ድምፅ መጣ፤ ዶሮ፣ ሳል፣ ከዚያ ዝግ ያለ የአሮጊት አነጋገር። እናትየው ሕጉን ያውቁታል ልበል፣ ሰላምታው ገጹን በላው። ሰዓዳ መሬት መሬት እያየች ጠበቀች። ዳዊት ሸሪጡን ገለበጠ።

«ልጄ፣ ሰዓዳዬ» አሉ እናትየው፤ «ድምፅሽ ደረሰኝ። መጀመሪያ ሰዎቹ እሷ አይደለችም አሉ፤ እኔም ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ጫጫታው በዛብኝ። መልሱልኝ እያልኩ ስድስቴ ሰማሁት። ከዚያ ሳቅሽ። ያ ያስነጠሰሽ የሚመስል ሳቅሽ። አላህ ይመስገን፤ ሙት አይስቅም አልኳቸው። ላምሽ ታስራ ነበር፣ ፈታናት።»

ሰዓዳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አክስቴ፣ ሁለተኛው ገጽ ስለሆነ፣ ጣቷን አላነሣችም።

«አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ» ሲሉ እናትየው ቀጠሉ። «ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶችሽ። ሁለቱ ይናገራሉ፣ ያኛው ይጮኻል፣ ብረት ያፋጫሉ። ዝም አሉ ስል እንደገና ከመጀመሪያው ይጣላሉ። አንቺ በእንደዚያ ዓይነት ጠብ አጠገብ ነሽ? ታረቁ ወይ? የሰው አገር ነው፣ አስታርቁ በያቸው። እስኪታረቁ አላርፍም።»

ከዳዊት የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ሌላ አላስታውስም። ሁሉም ነገር ለሰዓዳ የተነገራት ያን ጊዜ ነው። ተቆጥታ እንደነበር አላስታውስም፤ ለምላሹ ግን ተጨነቀች።

«ታርቀዋል በያትና ትረፍ» አለች አክስቴ።

«ሳላውቅ እትዬ? እናቴ እኮ ድምፄን ሰምታ ታውቅብኛለች።» ወደ ዳዊት ዞረች። «አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰዎቹ ተጣልተዋል?»

«አልተጣሉም። አብረው ነው የሠሩት። አንድ ቤት ገብተው።»

«ወላሂ በል።»

ዳዊት አንገቱ ላይ ማተብ አለ። እናቱን አየ፤ እናቱ ጣሪያውን አየች።

«ወላሂ» አለ።

ሰዓዳም አዲስ ባዶ ሸሪጥ ላይ፣ ሰላምታዋን ከጨረሰች በኋላ፣ እንዲህ ብላ ቀረጸች፤ «እማ፣ ጎረቤቶቹ ሰላም ናቸው። የዳዊት ቃል ነው፤ ምሎልኛል።» እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ዳዊት በሐሰት መማሉን፣ አንዲት አሮጊትም በሐሰት ልታርፍ መሆኑን አመንኩ። ይህንን እምነቴን ለማንም ሳልነግር ብዙ ዓመት ይዤው ቆየሁ።

ከፀጉር አስተካካዩ በተመለስኩበት ቀን ማታ ያን ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። ስለ ዘፈኑ የተጻፈው ብዙ ነው። ከነሱ በፊት ማንም የለም ያለው ዳዊት ጥቂት አጋኗል፤ ሁለቱን ለማቀራረብ የሞከሩ ሌሎችም ነበሩ፣ ለሰፊው ሰው ጆሮ ያደረሱት ግን እነዚህ ናቸው። የእናትየውም ጭንቀት ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ራፐሮቹ መጀመሪያ ላይ ዘፈኑን መሥራት አልፈለጉም። በኋላ ግን የሮክ ባንዱ ዘፋኝና ጊታር መቺው ራሳቸው ወደ ስቱዲዮ መጥተው አብረው ሠርተውታል። ዳዊት እንደማለው፣ አንድ ቤት ገብተው።

ለዘፈኑ የተሠራ ፊልምም አለ፤ ሱዳን ሳለን ማናችንም አላየነውም፣ ከባቲ ወዲያ ባለችው የሰዓዳ መንደርማ ጭራሽ። ደጋግሜ አይቼ አረጋግጫለሁ። ሁለቱ ቡድኖች ጎረቤታሞች ናቸው፤ በጎንና ጎን ክፍል ሆነው አንዱ በሌላው ጫጫታ ይበሳጫል። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ዘፈኑ ሳይጋመስ ግድግዳው ይፈርሳል።